ለባሌ ጉዞ አንድ ቢላዋ ብቻ ልግዛ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደንብ አንብቤዋለሁ። በታኅሣሥ ከሦስት ጓደኞችህ ጋር ባሌ ተራሮች ላይ በድንኳን አራት ሌሊት ልታድሩ ነው። ምግባችሁን ራሳችሁ ታበስላላችሁ። አንድ ለሁሉም የሚሆን ቢላዋ ፈልገህ መርካቶ ያየኸውን የ20 ሴንቲ ሜትር ቢላዋ ፎቶ ለጥፈሃል፤ ጀርባው የመጋዝ ጥርስ ያለው፣ እጀታው ባዶ ሆኖ ክብሪት፣ መርፌና መንጠቆ የታጨቀበት፣ ክዳኑ ላይ ኮምፓስ የተገጠመለት። ከጀርመን የምትመጣ አክስት እንዳለችህም ጽፈሃል። እስካሁን የመለሱልህ ሰዎች "ትልቁን ግዛ፣ ትልቅ ሁሉንም ይሠራል" ብለውሃል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምልህ። የእነሱን ምክር ብትከተል ገንዘብህን ብቻ ሳይሆን ጣትህንም ልታጣ ትችላለህና ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

1. ፎቶው ላይ ያለውን ቢላዋ ተወው።

እንዲህ ያለ ቢላዋ አደገኛ የሚሆነው ስለቱ ሲሸረፍ ሳይሆን ስለቱና እጀታው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሲሰበር ነው። በደህና ቢላዋ ብረቱ እጀታው ውስጥ ዘልቆ እስከ ጫፉ፣ ቢያንስ እስከ ሦስት አራተኛው ይሄዳል። እጀታው ባዶ ቱቦ ከሆነ ግን ብረቱ የሚዘልቅበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ፋብሪካው የብረቱን ጭራ አሳጥሮና አቅጥኖ፣ ጥርስ አውጥቶለት፣ በአንድ ዳዶ ከቱቦው ጋር ያስረዋል። ያ ሁሉ 20 ሴንቲ ሜትር ስለት የተንጠለጠለው በዚያች አጭር ጭራ ላይ ነው። ሰፊው ብረት ወደ ቀጭኑ ጭራ የሚቀየርበት ቦታ ደግሞ ክብ ተደርጎ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ማዕዘን የተቆረጠ ስለሚሆን፣ በመታህ ቁጥር ጉልበቱ ሁሉ እዚያች ማዕዘን ላይ ይከማቻል። ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ከቱቦው ስር ስለሆነ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ብረቱ ባይሰነጠቅ እንኳ ዳዶው እየላላ ስለቱ ይወዛወዛል። የመጨረሻው ነገር እንጨት እየመታህ ሳለ ስለቱ ተነቅሎ መወርወሩ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ጓደኞችህ እሳቱን ከበው ተቀምጠዋል።

ባዶ እጀታ ኖሮት የማይሰበር ቢላዋ አለ። ስለቱም እጀታውም ከአንድ ሙሉ ብረት ተፈልፍሎ የሚሠራ ነው፤ ዋጋው አንተ ካየኸው ብዙ እጥፍ ነው፣ እዚህም ገበያ ላይ አይገኝም።

ጀርባው ላይ ያለውም ጥርስ እንጨት አይቆርጥም። እውነተኛ መጋዝ ጥርሶቹ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ዘንበል ያሉ በመሆናቸው ከራሱ ውፍረት የሰፋ መንገድ ይከፍታል። የቢላዋው ጀርባ ግን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወፍራም ሆኖ ጥርሱ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንደገባ እንጨቱ ውስጥ ይቀረቀራል። ከዚያ አልፎ አውራ ጣትህን ጀርባው ላይ አሳርፈህ እንዳትጫን ይከለክልሃል። ኮምፓሱንም አትመነው፤ ከዓረብ ብረት ጋር ተጣብቆ የሚኖር መርፌ በብረቱ ስለሚሳብ ሰሜንን በትክክል አያሳይም።

2. የስለቱ ርዝመት 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ከ12 አይብለጥ።

እዚያ የምትሠራውን ሥራ አስበው። ሽንኩርትና ድንች መክተፍ፣ ድፎ ዳቦ መቁረስ፣ ገመድ መቁረጥ፣ የድንኳን ካስማ መቅረጽ፣ ለእሳት ማቀጣጠያ እንጨት መላግ፣ ምናልባትም መንገድ ላይ በግ ገዝታችሁ ማረድና መግፈፍ። ከእነዚህ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠይቅ አንድም የለም። በተለይ ስትገፍፍ ረጅም ጫፍ ከእይታህ ውጭ ይሆንና ቆዳውን ይበሳል፣ ይባስ ብሎም አንጀቱን ቀዶ ሥጋውን ያበላሻል። ለመግፈፍ የሚመቸው ወደ ጫፉ ሲቃረብ ሆዱ ክብ እያለ የሚወጣ፣ ጫፉ ግን በጣም ያልቀጠነ ስለት ነው። ባለ ሁለት ስለት ጩቤ ጭራሽ አይሁን፤ ጀርባ ስለሌለው መጫንም፣ እንጨት ለመፍለጥ በዱላ መምታትም አይቻልም፣ ፍተሻ ላይም እንደ ጦር መሣሪያ ነው የሚታየው።

ውፍረቱ ከ2.5 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሰው ወፍራም ብረት ሲያይ "ጠንካራ ነው" ይላል። 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ብረት ካሮት ላይ ስትጫነው ግን ካሮቱን አይቆርጠውም፣ ይሰነጥቀዋል፤ ሽንኩርት ላይም እንደዚያው ነው። በባሌ አራት ቀን ውስጥ የቢላዋህ ትልቁ ሥራ ምግብ መሆኑን አትርሳ።

የጎኑን አሠራር በተመለከተ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ፦ ወይ ከጀርባው ጀምሮ እስከ ስለቱ ቀስ በቀስ እየቀጠነ የሚወርድ፣ ወይ የስካንዲኔቪያኖቹን ዓይነት፣ ማለትም ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ከታች በኩል አንድ ሰፊ ተዳፋት ብቻ ያለው። የመጀመሪያው ለምግብ ይሻላል፣ ሁለተኛው ለእንጨት ይሻላል፤ ለመሳል ደግሞ ለጀማሪ ሁለተኛው በጣም ይቀላል። ጎኑ ወደ ውስጥ የጎደጎደውን ተወው፤ ጠርዙ ስስ ስለሆነ አጥንትና ቋጠሮ ላይ ይሸረፋል።

3. እጀታውን እጅህን በሳሙና ውሃ አርሰህ ያዘው።

ሻጩ ደስ አይለውም፤ አንተ ግን አድርገው። እርጥብ እጅ ላይ የሚያንሸራትት እጀታ የሥጋ ስብ ሲነካው የባሰ ነው። ስትጨብጠው ጣቶችህ መዳፍህን መጫን የለባቸውም፤ ከተጫኑት እጀታው ቀጥኖብሃል፣ ግማሽ ሰዓት ከሠራህበት በኋላ እጅህ ይዝላል። ጠቋሚ ጣትህ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት ትንሽ መከላከያ ጉብታ ይኑረው። ለጣት ተብሎ አራት ጉድጓድ የተቀረጸበትን አትግዛ፤ የአንተ ጣት ከጉድጓዶቹ ጋር ካልገጠመ በያዝከው ቁጥር ይቆረቁርሃል።

ሳኔቲ በሚባለው የባሌ ከፍተኛ ሜዳ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ነህ። በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ማለዳ ላይ ባዶ የብረት እጀታ መያዝ አይቻልም። ገመድ የተጠመጠመበት እጀታ ደግሞ ደምና ስብ ይመጥጥና አይታጠብም። ጎማ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ከሁሉም ይሻላል፤ እንጨት ከወደድክ በዘይት የጠገበ ይሁን።

ስለ ሰንጢ ጠይቀሃል። ሰንጢ ጥሩ ጓደኛ ነው፣ ዋና ቢላዋ ግን አይሆንም። መታጠፊያው ውስጥ ስብና አሸዋ ይገባል፣ በጓንት መክፈት ያስቸግራል፣ በዱላ ከመታኸው መታጠፊያው ይላላል።

ወደ ብረቱ ስመጣ የምናደድበት ነገር ስላለ ይቅርታ አድርግልኝ። "የብረቱ ዓይነት ምንድን ነው?" ስትል "ጃፓን ነው"፣ "ኦሪጅናል ነው"፣ "ስቴንለስ ነው" የሚልህ ሻጭ ምንም አልነገረህም። ጃፓን አገር ነው። ስቴንለስ ደግሞ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለው ብረት ሁሉ የጋራ መጠሪያ ነው፤ ማንኪያም ስቴንለስ ነው። ስለት የሚይዘው ካርቦኑ ነው። ካርቦኑ 0.3 በመቶ አካባቢ የሆነ ብረት፣ ለምሳሌ 3ሲአር13 (3Cr13) የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ሁለት ሽንኩርት ከከተፍክ በኋላ ይደንዛል። 12ሲ27 (12C27) ወይም 14ሲ28ኤን (14C28N) የሚል ካየህ ካርቦናቸው 0.6 በመቶ አካባቢ ነው፤ በደንብ ይሳላሉ፣ ዝገትም ይቋቋማሉ፣ ለአንተ ጉዞ ከእነዚህ የሚበልጥ አልመክርህም። ዲ2 (D2) የተጻፈበት 1.5 በመቶ ካርቦን አለው፤ ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ነገር ግን ካምፕ ላይ በትንሽ ድንጋይ ለመሳል አስቸጋሪ ነው፣ ይሸረፋልም። ጥንካሬው ሮክዌል ሲ (HRC) በሚባለው መለኪያ ከተጻፈ ከ56 እስከ 60 ያለውን ውሰድ። ስሙ የማይታወቅ ፋብሪካ ምንም ካልጻፈበት ግን ሊጽፍ የሚኮራበት ብረት አልነበረውም ይሆናል።

ንጹሕ የካርቦን ብረት በቀላሉ ይሳላል፣ ግን ይዝጋል። ሎሚና ቲማቲም ነክቶት ሳይታጠብ ካደረ ጠዋት ጠቁሮ ታገኘዋለህ። መጥቆሩ ችግር የለውም፤ ቀይ ዝገቱ ግን ስለቱን ይበላል። አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ቀለል አድርገህ ዘይት መቀባት ግድ ነው። የኑግ ወይም የተልባ ዘይት አትቀባ፣ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ካርቦን ብረትን በቆዳ ሰገባ ውስጥ ለወራት አታስቀምጥ፣ ቆዳው እርጥበት ይስባል።

ከአክስትህ ምንም ካልመጣ ወደ ቀጥቃጮቻችን ሂድ፤ በዚህ እኮራለሁና ብዙዎች የሚንቁትን ነገር አስረግጬ ልናገር። ምናለሽ ተራ አካባቢ ከመኪና ባሌስትራ የሚሠራ ቢላዋ፣ በትክክል ከተሠራ፣ አንተ ፎቶውን ከለጠፍከው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ባሌስትራ አብዛኛውን ጊዜ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው፣ ሸክም ተሸክሞ እየታጠፈ እንዳይሰበር ታስቦ የተሠራ ብረት ነው። ችግሩ ያለው ብረቱ ላይ ሳይሆን እሳቱ ላይ ነው። ሦስት ነገር ይበላሻል።

አንደኛው ብረቱ ራሱ ነው፦ አሮጌ ባሌስትራ ዓመታት ሲታጠፍ ስለኖረ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ከተሰበረ ባሌስትራ የተቆረጠ ከሆነ ከስብራቱ ርቆ የተቆረጠውን ጠይቅ። ሁለተኛው፣ ብረቱን በፍም አግሎ በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ነው፤ እንዲህ ያለውን ብረት በውሃ ስታቀዘቅዘው በድንገት ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። ሞቅ ባለ ዘይት ነው መነከር ያለበት። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ ከዘይት ከወጣ በኋላ እንደገና በመጠኑ ማሞቅ ነው። ከዘይት የወጣ ብረት እንደ መስታወት ተሰባሪ ነው። በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሁለት ሰዓት፣ አቀዝቅዞ እንደገና ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ ብረቱን አስቀድመው አጽድተው ካሞቁት ቀለሙ ይናገራል፦ እንደ ገለባ ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን በቃ፣ ሰማያዊ ከሆነ አልፎበታል፣ ለስለት ለስልሷል።

ስትገዛ እንዲህ ፈትን። አዲስና ጥርሱ ያላለቀ ሞረድ በስለቱ አጠገብ ቀስ ብለህ ግፋ። ሞረዱ እንደ ቅቤ ከነከሰው ብረቱ ለስላሳ ነው። ጨርሶ ሳይነክስ የሚንሸራተት ከሆነ በጣም ደርቋል፣ ሁለተኛው ማሞቅ ሳይዘለል አልቀረም። እየተቃወመ ትንሽ ትንሽ የሚነክስ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ 6 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ የነሐስ ዘንግ ላይ ስለቱን ዘንበል አድርገህ አሳርፍና ጠርዙ በትንሹ እስኪጎብጥ ተጫን። ጎብጦ ከተመለሰ ውሰደው። ጎብጦ ከቀረ ለስላሳ ነው፤ ከተሸረፈ ደረቅ ነው። አንዳንድ ሻጭ ይህን ስታደርግ ይቆጣል፤ ሥራውን የሚያውቅ ቀጥቃጭ ግን ራሱ ሞረዱን ያቀብልሃል።

ለአክስትህ የምትልከው ስም፦ ሞራ ኮምፓኒየን። ስዊድን ውስጥ ሞራ በምትባል ከተማ የሚሠራ ነው፤ ስለቱ 10.4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ የማይዝገውን ዓይነት ትግዛልህ። ርካሽ ነው። ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ለማብሰልና ለቀላል እንጨት ግን ምንም አይሆንም። አንድ ጉድለቱን ልንገርህ፦ ጀርባው ማዕዘኑ ስለተሞረደ የእሳት ማጫሪያ ዘንግ ስትፍቅበት ብልጭታ አይሰጥህም። ብልጭታ ከፈለግህ በብርጭቆ ወረቀት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የጀርባውን ማዕዘን ቀጥና ስል አድርገው፤ በስለቱ ግን ፈጽሞ አትፈቅ። በጀት ካለህ የዚያው ፋብሪካ ጋርበርግ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የሚሄድ፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጀርባውም ለእሳት የተዘጋጀ ነው። ሰንጢ ከጨመረች የፈረንሳዩ ኦፒኔል ቁጥር 8 ይሁን፤ የእንጨት እጀታው ዝናብ ሲጠጣ አብጦ መክፈት ስለሚከለክል መታጠፊያውን ደረቅ አድርገህ ያዘው።

አሁን ሰው ሁሉ ዘሎ የሚያልፈው ነገር፦ አሳሳል። ደንዝ ቢላዋ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበት የበዛበት ቢላዋ ያንሸራትታል፤ ሰው የሚቆረጠው በዚህ ነው። ቢላዋህን በኤሌክትሪክ ድንጋይ ለሚስሉ ሰዎች አትስጥ። ቀጭኑ ጠርዝ በሰከንዶች ውስጥ ከ200 ዲግሪ አልፎ ይግላል፣ ሰማያዊ መስመር ከታየበት ያ ክፍል ለስልሷል። ወዲያው ስትሞክረው ይቆርጣል፣ በማግስቱ ግን ይደንዛል፣ አንተም "ብረቱ መጥፎ ነው" ትላለህ። ጥፋቱ የብረቱ አይደለም።

የሚያስፈልግህ አንዱ ገጹ ባለ 400 (ሻካራ)፣ ሌላው ባለ 1000 (ለስላሳ) የሆነ መሳያ ድንጋይ ነው። ካጣህ ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 400፣ 800 እና 1000 ገዝተህ በመስታወት ቁራጭ ላይ ለጥፍ። ወረቀት ላይ ከሆነ ስለቱን ወደ ኋላ፣ ጀርባው እየመራ ብቻ ጎትት፤ ወደ ፊት ከገፋኸው ወረቀቱን ይቀደዋል። ጠርዙን በማርከር ቀባው። የስካንዲኔቪያ ዓይነት ከሆነ ሰፊውን ተዳፋት ድንጋዩ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኛው፣ ማዕዘን መገመት አያስፈልግም። ሌላው ዓይነት ከሆነ ጀርባውን ከድንጋዩ ከፍ አድርግ፦ የስለቱ ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 7 ሚሊ ሜትር፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 8.5 ሚሊ ሜትር። ይህ 20 ዲግሪ ይሰጥሃል። ጥቂት ከሳልክ በኋላ ማርከሩን እይ፤ ከላይ ብቻ ከጠፋ ጀርባውን ጨምረህ አንሳ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ከጠፋ ዝቅ አድርግ።

ወደ ሌላው ጎን መቼ ልለፍ ትል ይሆናል። በቁጥር አይደለም። በሳልከው በተቃራኒው ጎን ጣትህን ከጀርባ ወደ ጠርዝ ስትጎትት የሚቧጥጥ ሸካራ ነገር ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ ሲሰማህ ነው። ያ ካልተሰማህ ሁለቱ ጎኖች ገና አልተገናኙም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ ነው "መሳል አልችልም" የሚለው። ከዚያ ሌላውን ጎን እንዲሁ፣ በመጨረሻም በቀላል እጅ እያፈራረቅክ። በ1000 ከጨረስክ በኋላ የቀበቶህን የውስጥ ገጽ ወጥረህ ጀርባው እየመራ ጎትትበት። ጋዜጣ ሳይዘለዝል ከቆረጠ በቃ። ካምፕ ላይ ድንጋይ መሸከም አያስፈልግህም፤ የቡና ስኒ ገልብጥ፣ ቂጡ ላይ ያለው ያልተለበጠ ሻካራ ክብ ጠርዝ ስለት ለማደስ ይበቃል።

እንጨት በቢላዋ ስለመፍለጥ፦ የእንጨቱ ውፍረት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ምክንያቱም በሌላኛው በኩል የሚመታ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ስለት መውጣት አለበት። በእንጨት ዱላ ምታ፣ በድንጋይ ወይም በመዶሻ አይሆንም። ቋጠሮ ያለበትን ተወው፣ ወይራንም ተወው። ከተቀረቀረ ወደ ጎን አታጣምም፣ ስለት የሚሰበረው በማጣመም ነው። ፓርኩ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ስለማይፈቀድ ማገዶ ገዝታችሁ ወይም ጋዝ ይዛችሁ ግቡ፤ ብዙ እንጨት ለማሳጠር ከትልቅ ቢላዋ ይልቅ ትንሽ ታጣፊ መጋዝ ያዝ።

ስትቀርጽ ጭንህ ላይ አትቅረጽ። የውስጥ ጭን ትልቅ የደም ሥር ያለበት ቦታ ነው፣ ከሳኔቲ እስከ ጎባ ሆስፒታል ደግሞ ቅርብ አይደለም። ክርንህን ከጉልበትህ ውጭ አውጣ፣ ክንድህ በሚደርስበት ዙሪያ ሰው አይኑር። ሰገባው ተገልብጦ ሲንቀጠቀጥ ቢላዋውን መጣል የለበትም፤ ከታች የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው።

አክስትህ ቢላዋውን በካርቶን ጠቅልላ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ታስገባው፤ በእጅ ቦርሳ ከሆነ ፍተሻ ላይ ይወሰዳል፣ አቤት የሚባልበትም የለም። ጀርመን ውስጥ ስለቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ የማይታጠፍ ቢላዋ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ 10.4ቱ ከዚያ በታች ነው። አንተም ወደ ሮቤ በአውሮፕላን ከሄድክ እንደዚሁ አድርግ። በመኪና ከሆነ ወገብህ ላይ አታንጠልጥል፤ ከድስቱና ከመክተፊያው ጋር አንድ ላይ አስረህ ዕቃ ውስጥ አስገባው፣ ኬላ ላይ ሲጠየቅ የወጥ ቤት ዕቃ መሆኑ በግልጽ ይታያል።

እጅህ እንደገባ እስክትሄድ ድረስ ቤት ውስጥ ሥጋና ሽንኩርት ክተፍበት። እጀታው የት እንደሚቆረቁርህና ስለቱ ስንት ቀን እንደሚቆይ ከጉዞው በፊት ታውቀዋለህ፤ የሚቆረቁረውን ቦታ በ400 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው።